በልብስ ሰፊ ሜትር የተለካ አንቴና

ልብስ ሰፊው ቃል የገባው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ያውም አፉ ከልቡ ቀድሞ።

እናቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ደረጃ ላይ ተንሸራተው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ሐኪሙ ለሁለት ወር ከአልጋ እንዳይወርዱ አዟል። አልጋቸው ሳሎን ውስጥ ከስፌት መኪናው ጎን ስለተዘረጋ፣ እሱ ሲሰፋ ይውላል፣ እሳቸው ሲያዩት ይውላሉ። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

«እጅጌው ጠሟል» ይላሉ።

«አልጠመመም፣ እማዬ።»

«እኔ የወደቅኩት በዳሌዬ ነው እንጂ በዓይኔ አይደለም።»

ሰፊው እጅጌውን ይፈታል። እናቱ ልክ ናቸው። ሁልጊዜም ልክ ናቸው፤ ችግሩ እሱ ነው። ልጅ ሳለ ጣቱን እየቆነጠጡ ያስተማሩት አንድ ሕግ ነበር፦ «የተቆረጠ ጨርቅ አይረዝምም። ትርፍ ያልተወ ሰፊ ሁለት ጊዜ ያለቅሳል።» ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰፊው ምንም ነገር ሲቆርጥ በየጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ይተዋል። ማሰብ አያስፈልገውም፤ እጁ ራሱ ያውቀዋል።

ያን ሰኞ ጠዋት ልጁ ደብዳቤ ይዛ ገባች። ልጁ የእግር ኳስ ዳኛ ናት። እናቷ ነርስ ስለሆነችና ተረኝነቷ ቀንና ሌሊት ስለማይለይ፣ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ግቢ ውስጥ የጎረቤት ልጆችን ስታጫውት የመጀመሪያዋን ፊሽካ ያስነፏት እሳቸው፣ ከዚያ ወዲህም ባጫወተችበት ሜዳ ሁሉ ጥላቸውን ይዘው ከዳር የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ዳኛን መስደብ የለመደ ተመልካች ሁሉ እኚህን ሴትዮ ያውቃቸዋል። አንዴ የሰደበ፣ ሁለተኛ አጠገባቸው አይቀመጥም።

«የከተማው ዋንጫ ፍጻሜ!» አለች ልጅቷ ደብዳቤውን እያርገበገበች። «የመሀል ዳኛ እኔ! ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት!»

የወንዶችን ፍጻሜ ሴት መሀል ገብታ ስታጫውት በዚያ ከተማ የመጀመሪያው ነበር። አያት እልል አሉ። እልልታው ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። እግራቸውን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሂጂ ልጄ፣ ይቅናሽ» አሉ ለግድግዳው። «እኔ የሌለሁበት ጨዋታ አልነበረሽም። ይሄ አንዱ ይሁን።»

ሰፊው ይህን ሲሰማ ነው አፉ የቀደመው። «ታይዋለሽ፣ እማዬ። እዚሁ አልጋሽ ላይ ሆነሽ፣ እሷ ፊሽካ ስትነፋ አንቺም ትሰሚያለሽ። ቃሌ ነው!»

ቃሉን ከሰጠ በኋላ ነው ነገሩ ምን እንደሆነ የገባው። ጨዋታውን በቀጥታ የሚያስተላልፈው የከተማው ጣቢያ ብቻ ነው። በሕንጻው ላይ ዲሽ እንደ እንጉዳይ ፈልቷል፤ የከተማውን ጣቢያ ግን ዲሽ አያገኘውም። ከሳተላይት የሚወርድ ሳይሆን ከኮረብታው ማማ የሚነሳ ነውና በተራ አንቴና ነው የሚያዘው። በስልክም አይተላለፍም። ሕንጻው ደግሞ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተሠርቶ፣ ፊት ለፊቱ አንድ ትልቅ የእህል መጋዘን ተገትሯል። በሃያ አራቱ ቤት ውስጥ የከተማውን ጣቢያ የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ የሚስቱ ወንድም መጣ። ስልክ ይጠግናል፤ ሰፈሩ «መቶ በመቶ» ይለዋል፤ የነካው ሁሉ መቶ በመቶ እንደሚሠራ ስለሚምል።

«ጣቢያው ስንት ቁጥር ነው?» አለ።

«ሰባት።»

«አለቀ! ለሰባት ቁጥር የሚሆን አንቴና እኔ ሠርቼ አመጣለሁ። መቶ በመቶ!»

አመጣም። እያንዳንዱ ዘንግ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በረንዳው ላይ ሲያቆሙት አንዱ ጫፍ የጎረቤትን አንሶላ ከገመድ ላይ ጎትቶ ጣለ፣ ሌላው ደግሞ ራሱን መቶ በመቶን ግንባሩን መታው። ቴሌቪዥኑ ከዳር እስከ ዳር ፈልጎ «ምንም ቻናል አልተገኘም» አለ።

«ማጉያ ያስፈልገዋል» አለ መቶ በመቶ ግንባሩን እያሻሸ።

ረቡዕ ማጉያ ገጠመ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ «ጥንካሬ»፣ ሌላው «ጥራት» ይላል። የጥንካሬው መስመር እስከ ጫፍ ሞላ። የጥራቱ ባዶውን ቀረ።

«አያችሁ? ሞላ እኮ!»

«ምስሉስ?» አሉ እናቱ ከአልጋቸው።

«ምስሉ ይመጣል፣ እማማ።»

«ከየት? በእግሩ ነው የሚመጣው? እኔ እንኳ እሱን ሳልጠብቅ ድኜ መነሳቴ ነው።» ትንሽ ቆዩና ጨመሩ። «የድሮው ቴሌቪዥን ይሻል ነበር። በረዶ እየዘነበበትም ቢሆን ሰው ያሳያል። ይሄኛው ኩራተኛ ነው።»

ሐሙስ ሰፊው ስልክ አነሳ። ለማያውቀው ሰው ስልክ መደወል እንደ ጥርስ መነቀል ነው ለእሱ። ሦስት ጊዜ ደውሎ ገና «አቤት» ሳይባል ዘጋው። በአራተኛው ግን እናቱ እያዩት ስለነበር መዝጋት አልቻለም። የጣቢያው ሰዎች የማማውን ቴክኒሻን አገናኙት። ሴት ናት፤ ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነው፤ ነገሩን ስትሰማ ግን ነቃች።

«ሰባት ስማችን ነው እንጂ ቤታችን አይደለም» አለችው። «ድሮ እውነትም ሰባተኛው ላይ ነበርን። ወደ ዲጂታል ስንዞር ወደ ሠላሳ አራተኛው ተዛወርን። ሰው እንዳይጠፋው ብለን ስሙን ብቻ ይዘን ቀረን። የምንሠራው በአምስት መቶ ሰባ ስምንት ሜጋኸርዝ ነው።»

ሰፊው አሰበ። «እንደ ልብስ ቁጥር ማለት ነው? አንገቱ ላይ አርባ ተብሎ ተጽፎበት፣ በሜትር ሲለካ ሌላ የሚወጣው?»

ቴክኒሻኗ ሳቀች። «ልክ እንደሱ! ምልክቱን ሳይሆን ገላውን ይለኩ። የእኛ አንድ ሞገድ ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንቴና የሚለብሰው ከግማሹ ትንሽ ያነሰውን ነው። ሽቦው የሚገጠምበት ዘንግ ሃያ አራት ከግማሽ፤ ከኋላው አንድ ሃያ ስድስት፤ ከፊቱ አራት ዘንግ፣ እያንዳንዱ ሃያ ሁለት ከግማሽ። የፊቶቹን አደራ! አጠር ካሉ ሞገዱን ወደ ውስጥ ይመራሉ፤ ከረዘሙ ግን አጥር ሆነው ይመልሱታል። ማጉያውንም ይንቀሉት። የሌለ ነገር ቢጎላ ጩኸት ብቻ ነው።»

«መጋዘኑስ?»

«ከበረንዳዎ የማማው ቀይ መብራት ይታይዎታል?»

«ከጣሪያው በላይ ጫፉ ብቅ ይላል።»

«መብራቱን ካዩት ሞገዱም ያይዎታል። ዘንጎቹን አግድም ያስተኟቸው፣ ጫፉን ወደ መብራቱ ይቀስሩት። አንድ ነገር ብቻ ይወቁ፤ ዲጂታል ገደል አለው። ጥራቱ ከሠላሳ በታች ሲሆን ምንም የለም፤ ጥቁር ነው። ከሠላሳ ሲያልፍ ሙሉውን ይሰጥዎታል። መሀል ሰፋሪ አይደለም።»

ሰፊው ሁሉንም በስፌት ጠመኔው ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጻፈ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ነገር የእሱ ሙያ እንደሆነ ተሰማው። መለካትና መቆረጥ ያለበት ነገር ነው፤ ሌላ ምን አለው?

ዓርብ ሥራውን ሁሉ ገፍቶ አንቴናውን ያዘ። መጀመሪያ እንደ ቀሚስ ንድፍ በወረቀት ላይ ነደፈው። ለአከርካሪው የድሮውን የእንጨት ሜትር ወሰደ። ለዘንጎቹ የልብስ መስቀያ ሽቦ አቀና፤ መስቀያ ደግሞ በልብስ ሰፊ ቤት ሞልቷል። እያንዳንዱን ለካ፣ በጠመኔ ምልክት አደረገ፣ በፒንሳ ቆረጠ። በእንጨቱ ላይ ቀዳዳ በስቶ አሰካካቸው። ሲጨርስ የዓሣ አጥንት የመሰለ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነገር ወጣ። እናቱ እንኳ የሚነቅፉት አጥተው «እህም» አሉ።

በረንዳው ላይ አሰረው፤ ወደ ቀዩ መብራት ቀሰረው። ጥራት አሥራ አንድ። ትንሽ ወደ ግራ አዞረው። ዘጠኝ። ወደ ቀኝ። አሥራ ሁለት። ከፍ አደረገው፣ ዝቅ አደረገው፣ ተንበረከከለት። አሥራ ሁለት።

ለቴክኒሻኗ ደወለ። «የፊቶቹ ዘንጎች ስንት ናቸው? እስቲ አሁን ይለኩልኝ» አለችው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካ። «ሃያ ሁለት ከግማሽ።» «የኋላው?» «ሃያ ስድስት።» «እንግዲያው መጋዘኑ ነው» አለች በመጨረሻ። «አዝናለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ የአያቷን ጉልበት ሳመች። እናቷም አብራት ወጣች። ሰፊው የራሱን የመግቢያ ካርድ ለጎረቤት ሰጥቶ ቀረ። ቃል የገባ ሰው ስታዲየም ገብቶ እንዴት ይቀመጣል?

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ መቶ በመቶ ስልኩን እያውለበለበ ደረሰ።

«መፍትሔ አግኝቻለሁ! እህቴ ከስታዲየም ትደውላለች፣ እማማ፤ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ትተርክልዎታለች።»

«እሷ ኳስና ሐብሐብ አትለይም» አሉ እናቱ። «ደግሞ እኔ ወሬ አልጠየቅኩም። ማየት ነው የጠየቅኩት። ቢቀር ይቅር።»

«ቢቀር ይቅር» ያሉበት ድምፅ ሰፊውን እንደ መርፌ ወጋው። እናቱ ሲቆጡ ያውቃቸዋል፤ ሲተዉት ግን አያውቃቸውም። ወደ በረንዳው ሄደ። አንቴናውን ፈታና ይዞት ገባ፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ እናቱ አልጋ ላይ፣ እግራቸው አጠገብ አስቀመጠው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ መቶ በመቶ። «ዐሥር ጊዜ ለክተኸው የለ?»

«ዐሥራ አንደኛ እለካዋለሁ።»

ሜትሩን አወረደ። የፊተኛውን ዘንግ ያዘ። ግራ አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ ጫነ፣ ሜትሩን ከጣቱ ጥግ ጀመረ፣ ቀኝ አውራ ጣቱን በዚያኛው ጫፍ ላይ አደረገ፣ እስከ ጣቱ ድረስ አነበበ። «ሃያ ሁለት ከግማሽ» አለ።

ሁለተኛውን ያዘ። «ሃያ ሁለት ከግማሽ።»

እናቱ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። ዓይናቸውን አጥብበው እጁን አዩ። እጅጌ የጠመመ ጊዜ የሚያዩት አስተያየት ነው።

«ልጄ» አሉ።

«አቤት፣ እማዬ።»

«ከጣትህ ሥር ያለው፣ ያ ጫፍ፣ ወዴት ነው የሚታጠፈው?»

ሰፊው አውራ ጣቱን አየ። አነሳው። ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ሽቦ ወጣ። የሌላኛውን ጣት አነሳ። እዚያም አንድ ከግማሽ። ዘንጉን ከጫፍ ጫፍ ለካው፤ ሃያ አምስት ከግማሽ።



«የስፌት ትርፍ ተውክለት?» አለ መቶ በመቶ። «ለብረት?»

«እጄ ነው» አለ ሰፊው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ። «ስቆርጥ ተወ። ስለካ ደግሞ ትርፉን አልቆጥርም፤ ትርፍ ተቆጥሮ አያውቅም።»

«የአንተ እጅ አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው» አሉ እናቱ፤ ከዚያም ሳቃቸው መጣ። ዳሌያቸውን ይዘው፣ እያመማቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አርባ ዓመት "ትርፍ ተው፣ ትርፍ ተው" እያልኩ የደነቆርኩህ እኔ! ሽቦ እኮ አያጥርም፣ ታጥቦ አይሸበሸብም! ቁረጠው! ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ዘጠኝ ሰዓት እኮ ሊሆን ነው!»

የቴክኒሻኗ ቃል ያን ጊዜ ነው ጆሮው ላይ የጮኸው። ከረዘሙ አጥር ይሆናሉ። አራቱን መሪ ዘንጎች በገዛ እጁ አራት አጥር አድርጎ፣ ሞገዱን ከበራፉ ሲመልስ ነው የሰነበተው። መጋዘኑ ምንም አላጠፋም።

ፒንሳውን ያዘ። ትርፍ መቁረጥ የገዛ ሥጋውን እንደ መቁረጥ ሆነበት። እናቱ «በል» አሉ። ቆረጠ። ቁራጩ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ። «ሁለት» አሉ እናቱ። «ሦስት። አራት። ቀጥ አድርገህ!» ዐሥራ ሁለት ቁራጭ ብርድ ልብሱ ላይ ተከመረ። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል።

አንቴናውን ይዞ ወደ በረንዳው ሮጠ። መቶ በመቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ቁጥር ይጠራል።

«ዐሥራ ዘጠኝ!»

ሰፊው ወደ ቀዩ መብራት ቀሰረው።

«ሃያ ስድስት! ሃያ ስምንት! ቆይ፣ ቆይ! ወደ ግራ ትንሽ... አይ፣ በዛ! መልሰው!»

የጣት ያህል መለሰው።

«ሠላሳ... አርባ አንድ... ስድሳ ሦስት! ስድሳ ሦስት! አትንካው! አትተንፍስ!»

ሰፊው ሳይተነፍስ አሰረው። ውስጥ ፍለጋው ጀመረ። «አራት ቻናል ተገኘ!» አለ መቶ በመቶ። «እኛ አንድ ብንጠይቅ ይሄ ሞገድ አራት አዝሎ መጣ!» ከዚያ ሪሞቱን ተጫነ። ሰፊው ወደ ውስጥ ሲገባ ያየው እናቱን ነው። እናቱ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

በረዶ የለ፣ ጥላ የለ። ሣሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁለት ቡድን በሰልፍ እየገባ ነው፤ ከሁሉም ፊት፣ ኳሱን በብብቷ ይዛ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ልጃቸው ትራመዳለች።

«ካልሲዋ እኩል አይደለም» አሉ እናቱ።

ፊሽካው ተነፋ። በዚያ ቀን ሕንጻው ውስጥ የከተማው ጨዋታ ድምፅ የሚወጣው ከአንድ ቤት ብቻ ነበርና፣ ሰው እየተንጠባጠበ መጣ። መጀመሪያ አንሶላዋ የወደቀባት ጎረቤት፣ ቀጥሎ ምድር ቤት ያለው ዳቦ ጋጋሪ፣ ከዚያ ልጆችና ሽማግሌዎች። ዳቦ ጋጋሪው የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ነው፤ ድምፁ ደግሞ እንደ ምድጃው ሰፊ ነው። የማን ቤት እንደገባ አላሰበም።

በሰባ ዘጠነኛው ደቂቃ፣ አንድ ለአንድ እንዳሉ፣ የሰማያዊዎቹ አጥቂ ሳጥን ውስጥ ገብቶ በደረቱ ተደፋ። ስታዲየሙ ተነሳ። ዳቦ ጋጋሪውም ተነሳ።

«ፍጹም ቅጣት ምት! ፍጹም! ንፊው እንጂ!»

ዳኛዋ ነፋች። ወደ ተደፋው ሰው ሮጠች፤ የፍጹም ቅጣት ምቱን ነጥብ ግን አላሳየችም። እጇን ወደ ኪሷ ከተተች፣ ቢጫ ካርድ ከፍ አደረገች፤ ለተከላካዩ ሳይሆን ለወደቀው ለራሱ። አስመሳይ!

«ምን ዓይነት ዳኛ ናት ይቺ!» ጮኸ ዳቦ ጋጋሪው። «ዓይን የላትም? ማን ነው ያሳደጋት?»

ሰፊው እናቱን አየ። እናቱ ቀስ ብለው፣ እንደ ቤተ መንግሥት ሰው፣ አንገታቸውን አዞሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ምን ጎደላት?»

ዳቦ ጋጋሪው አልጋውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ቴሌቪዥኑን አየ። ያን ጊዜ ነው ምስሉ ተደግሞ፣ ቀስ ብሎ የታየው። በአጥቂውና በተከላካዩ መሀል አንድ ክንድ የሚያህል ሣር ነበር። ማንም ማንንም አልነካም። ሰውየው በገዛ እግሩ አየር ላይ ተደናቅፎ ነው የወደቀው።

«እማማ...» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ዓይን የላትም ነው ያልከው?»

«ዓይን የሌለኝ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ቆመህ እይ» አሉት። «ቅጣትህ ነው።»

ቀሪውን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ዳቦ ጋጋሪው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አየ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ቀዮቹ አገቡ፤ ማንም በዳኛዋ ላይ አፉን አልከፈተም። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የሁለቱም ቡድን አለቆች መጥተው ጨበጧት። ያ አስመሳዩ አጥቂ እንኳ ራሱን እያከከ መጣና እጁን ዘረጋላት።

ስልኩ ጮኸ። ቴክኒሻኗ ነበረች። «አሥራ ሁለት ላይ ቀረ ብለውኝ ስለነበር... እንዴት ሆኑ?» አለች።

«ስድሳ ሦስት!» አለ ሰፊው። ስልክ ላይ ጮኾ መናገሩን ያወቀው ሁሉም ሲስቁበት ነው። «አጥሩ የእኔ ነበር፤ አነሳሁት!»

ሜዳው ላይ መድረክ ተዘርግቷል። የዋንጫው ሥነ ሥርዓት በዳኞች ሜዳሊያ ይጀምራል። አስተዋዋቂው የመሀል ዳኛዋን ጠራ፤ በከተማው የወንዶች ፍጻሜ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗን ተናገረ። ስታዲየሙ ተነስቶ አጨበጨበ። በልብስ ሰፊው ሳሎን ውስጥም ሰው ሁሉ፣ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር በሁለት እጁ እያጨበጨበ፣ አንድ ላይ ብድግ አለ። ትከሻና ጀርባ ብቻ ሆነ ክፍሉ።

ከአልጋው በኩል ያ ዳኛ ሰዳቢ ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ተነሳ።

«ተቀመጡ! ሁላችሁም ተቀመጡ! ልጄን እያየሁ ነው፤ አትጋርዱኝ!»

ሁሉም ባለበት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ሲጠልቅ እናቱ ሙሉውን አዩ።